ስሙ ስላልተጻፈለት ጀኔራል

በአሜሪካ አገር፣ በሀድሰን ወንዝ ዳር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1802 ዓ.ም. የተቋቋመ ዌስት ፖይንት የሚባል የጦር አካዳሚ አለ። ወደዚያ የሄደ እንግዳ በ1778 የእንግሊዝ መርከቦች ሽቅብ እንዳያልፉ በወንዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ከነበረው ታላቅ ሰንሰለት የተረፉትን የብረት ቀለበቶች ያያል። የጀኔራል ሴጅዊክም ሐውልት አለ፤ ፈተና የከበደው ተማሪ በእኩለ ሌሊት ሙሉ የክብር ልብሱን ለብሶ በሐውልቱ ተረከዝ ላይ ያለውን የፈረስ መኮርኮሪያ ቢያሽከረክር ፈተናውን ያልፋል ይባላል። ተማሪ በየትም አገር ያው ተማሪ ነው።

እኔን ብዙ ያቆመኝ ግን በአሮጌው ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። የነጻነቱ ጦርነት ጀኔራሎች ስም በየሰሌዳው ተቀርጾ ሳለ፣ በአንዱ ላይ ማዕርግና የልደት ዓመት ብቻ ይነበባል፤ ስም የለም። ይህ የቤኔዲክት አርኖልድ ነው። በ1780 ዌስት ፖይንትን እንዲጠብቅ ተሾሞ ሳለ ምሽጉን ለእንግሊዞች በገንዘብ አሳልፎ ሊሰጥ ተዋዋለ፤ ነገሩ ሲገለጥም አምልጦ ወደ እነርሱ ገባ። ወረቀቱን ይዞ ሲሄድ የተያዘው እንግሊዛዊ መኮንን አንድሬ ግን ተሰቀለ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እየተባልን ላደግን ለእኛ፣ ስምን መንፈግ ከሞት የከፋ ቅጣት ነው። ይህ ቅጣት ተገቢ ነውን?

አባቴ በርስት ክርክር በሐሰት የመሰከሩባቸውን ታላቅ ወንድማቸውን ስም በቤታችን እንዳይጠራ ከልክለው ነበር። እኒህ አጎቴ በልጅነታቸው አባቴን ከወንዝ ሙላት ጎትተው ያወጡ እንደ ነበሩ የሰማሁት፣ ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የራሴን ገንዘብ የተቀማሁ መሰለኝ።

አርኖልድም ከክህደቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ1777 በሳራቶጋ ጦርነት ከፊት ገብቶ እግሩን የቆሰለ ጀግና ነበረ። በዚያም መታሰቢያ ቆሞለታል፤ የአንድ እግር ቦት ጫማ ቅርጽ ነው፤ እርሱም ያለ ስም። ያነሱት በሹመት ስለ ቀደሙት ቂም ይዞ ነበር፤ ዕዳም በዝቶበት ነበር።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ከዳተኛ ሁሉ ከእናቱ ማሕፀን ከዳተኛ ሆኖ የወጣ ከመሰለህ፣ በገዛ ልብህ ውስጥ ቂም ሲያድር አትደነግጥም። ስለዚህ የአርኖልድ ስም ተጽፎ፣ ከሥሩም ሳራቶጋና ክህደቱ አብረው ቢቀረጹ እመርጥ ነበር። ይሁን እንጂ ሰሌዳውን ፈጽመው ሳያስቀሩ፣ በደሙ ያገኘውን ማዕርግ ስለ ተዉለት ሰዎቹን አመሰግናለሁ።

እኔም አጎቴን ዛሬ ለልጆቼ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ወንዙንም ርስቱንም እነግራቸዋለሁ።