ያልተከፈተ ፍርሃት

እናቴ በቡፌ ውስጥ ያስቀመጠቻቸው ስድስት ስኒዎች ነበሯት። «ለእንግዳ ናቸው» ትለን ነበር። ብዙ እንግዳ መጣ፣ ሄደ፤ ስኒዎቹ ግን ከቡፌው አልወጡም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና የተቀዳባቸው በራሷ ለቅሶ ላይ ነው። ለመሆኑ እነዚያ ስኒዎች እስከዚያ ቀን ድረስ ስኒ ነበሩን?

ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ የአሮጌ አስፈሪ ጌሞች ገበያ ነው። ጌም በዲስክ መሸጥ ሳይለመድ በፊት የሚቀርበው ካርትሪጅ በሚባል፣ መዳፍ በሚያህል የፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ ነበር። ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚያወጡለት በደረጃ ነው። ባዶው ካርትሪጅ ይረክሳል፤ ካርቶኑና መመሪያው ሲኖሩ ይወደዳል፤ የፋብሪካው ላስቲክ ያልተቀደደለት ግን ከሁሉ ይበልጣል። ደረጃ መዳቢ ድርጅቶች ከ10 ነጥብ ሰጥተው በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 እንዲህ የታሸገ «ሱፐር ማሪዮ 64» በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እርግጥ ይህ አስፈሪ ጌም አይደለም፤ ገበያው ግን አንድ ነው።

እንግዲህ ፍርሃት የሚኖረው በፕላስቲኩ ውስጥ ሳይሆን በተጫዋቹ ልብ ውስጥ ነው። ያልተከፈተ አስፈሪ ጌም ማንንም አስፈርቶ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

«ሁሉም ቢከፍተው ኖሮ ለልጅ ልጅ ምን ይተርፍ ነበር?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። መጠበቅም የፍቅር ሥራ ነው። ነገር ግን «ስዊት ሆም»ን እንመልከት። ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1989 ለጃፓን ገበያ ያወጣው፣ በኋላም ለ«ረዚደንት ኢቭል» መነሻ የሆነ ጌም ነው። አምስት ሰዎች መንፈስ ወደ ሰፈረበት ቤት ይገባሉ፤ ከመካከላቸው የሞተ ተመልሶ አይነሣም። ተጫዋቹ የደረሰበትን የምታስታውስለት በቀፎው ውስጥ ያለች የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ናት። እሷ ስታልቅ የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ባትሪ ደግሞ ላስቲኩ ስላልተቀደደ ብላ ከማርጀት አትቆጠብም። ከውጭ እንከን የለሽ የተባለው ዕቃ ከውስጥ መርሳት ይጀምራል።

በአንጻሩ «ሃሎዊን» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ለአታሪ የተሠራ። ተጫዋቹ ሞግዚት ሆኖ ልጆችን ከነፍሰ ገዳይ ያድናል። አንዳንዶቹ ካርትሪጆች የታተመ መለያ እንኳ የላቸውም፤ በተለጠፈባቸው ቁራጭ ፕላስተር ላይ ስሙ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልገው ይህንኑ የችግር ምልክት ነው። አስመስሎ መጻፉ ቀላል በመሆኑም ዋጋው የቆመው በሻጩ ሐቀኝነት ላይ ነው። ያ ስሙ የማይታወቅ ሠራተኛ በችኮላ የጻፈው ነገር ከየትኛውም ነጥብ ይልቅ የሰው እጅ ይሸታል።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሰብሳቢ ባለንብረት ወይም ባለአደራ ሊሆን ይችላል። ባለንብረቱ ነጥቡን ይጠብቃል። ባለአደራው ግን ዋጋው እንደሚወርድ እያወቀ ላስቲኩን ቀዶ፣ ቀፎውን ፈትቶ፣ ባትሪውን ይለውጣል። ከዚያም አንድ ልጅ ጠርቶ ያጫውታል።

አንባቢ ሆይ፣ በየቤታችን ቡፌ አለ። ቁልፉ በማን እጅ ነው?