የጥንቱን ነጭ የቻይና ሸክላ መሰብሰብ ይገባልን?

አንባቢ ሆይ፤ ቡና የምትጠጣበትን ትንሽ ዕቃ ሲኒ ትለዋለህ። ዓረቦችም ቻይናን ሲን፥ ከዚያ የመጣውንም ሸክላ ሲኒ ይሉታል። በዚያ ሩቅ አገር በጥንት ዘመን የተሠራውን ነጭ ሸክላ በብዙ ገንዘብ እየገዙ የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ሁሉ ይገኛሉ። ሥራቸው የሚመሰገን ነውን? ወይስ የሚነቀፍ? ይህን ጥያቄ በጥቂቱ እንመርምር። የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ሸክላን የሚያጠቍረውና የሚያቀላው በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ነው። በሰሜን ቻይና የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች ብረት እጅግ ያነሰበትን ነጭ አፈር መርጠው፥ እንደ መስተዋት የጠራ ቅብ አልብሰው፥ በጋለ እቶን ተኰሱት። በ575 በአንያንግ በተቀበረው፥ ፋን ጽዊ በተባለው የጦር አለቃ መቃብር የተገኙት ዕቃዎች ከጥንታውያኑ ነጭ ሸክላዎች መካከል ይቈጠራሉ። ከዚያም በኋላ በታንግ ነገሥታት ዘመን፥ በሄበይ ግዛት በኔይቺዩና በሊንቸንግ የተሠራው ሺንግ የሚባለው ነጭ ሸክላ ስሙ ገነነ። በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሹም ሊ ጃኦ፥ የኔይቺዩን ነጭ ጽዋ በአገሩ ሁሉ ትልቁም ትንሹም ሰው ይገለገልበት እንደ ነበር ጽፎአል።

ይህን ምስክርነት ልብ በል። ዛሬ በመስተዋት ሣጥን ተቈልፎ የሚታየው ዕቃ በተሠራበት ዘመን የድኻም የጌታም ነበረ። የአብዛኞቹ ሠሪዎች ስም አልቀረልንም፤ የእጃቸው ሥራ ግን ቀርቶአል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሥራ ማድነቅና ከጥፋት መጠበቅ በደል አይደለም፤ ስሙ ያልታወቀውን የሠራተኛ ድካም ማክበር ነው እንጂ።

ነገር ግን ዕቃው ወደ ሰብሳቢው ቤት በምን በር እንደ ገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቻይናውያን በጥንት ዘመን ሙታናቸውን ከዕቃ ጋራ ይቀብሩ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሰሜን ቻይና የምድር ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ብዙ መቃብር ተከፈተ፤ ከውስጡም የወጣው ሸክላ በነጋዴዎች እጅ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተወሰደ። ገዢ መኖሩም በታወቀ ጊዜ፥ ሐዲድ በማይደርስበት ስፍራ እንኳ በስውር የሚቈፍር ሰው ተነሣ። ሰብሳቢው ግን፥ እኔ አልቈፈርሁም፤ በገንዘቤ ገዛሁ እንጂ፥ ይላል። ይህ መልስ እኵሌታው ብቻ እውነት ነው። እጁ አልቈፈረም፤ ገንዘቡ ግን ቈፋሪውን ቀጥሮታል።

ጥፋቱም የሙታንን ዕረፍት ማወክ ብቻ አይደለም። የፋን ጽዊን ዕቃዎች ዘመን ለማወቅ የቻልነው፥ መቃብሩ በ1971 በተቈፈረ ጊዜ ከሟቹ የመቃብር ጽሕፈት ጋራ በስፍራቸው ስለ ተገኙ ነው። ሌባ በሌሊት ያወጣው ጽዋ ግን ከየት እንደ መጣና የማን እንደ ነበረ ሊነግረን አይችልም፤ ሳይሰበር ዲዳ ሆኖአል።

እኛም ይህን ነገር እንደ ባዕድ ነገር ልንመለከተው አይገባንም። በ1868 ከመቅደላ ስለ ተወሰዱት መጻሕፍትና መስቀሎች የሚያዝን ሰው፥ በቻይና መቃብር ላይ የተደረገውን እንደ ቀላል ሊቈጥረው እንዴት ይችላል? የመንግሥታትም ሕግ ዘግይቶ ይህን ተረዳ። በ1970 ቅርስን በስውር ማውጣትንና መሸጥን የሚከለክል ስምምነት በፓሪስ ጸደቀ፤ በ2009ም አሜሪካና ቻይና፥ እስከ ታንግ ዘመን ፍጻሜ የተሠራ የጥንት ዕቃ ያለ ፈቃድ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ተዋዋሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ የልብ ጥያቄ ነው። በ2007 በኒውዮርክ ግዛት አንድ ቤተ ሰብ፥ ሰዎች በደጃቸው አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡበት ስፍራ አንዲት ነጭ ጐድጓዳ ሳሕን በ3 ዶላር ገዝቶ በእንግዳ መቀበያው ክፍል አኖራት። ኋላም በሄበይ በዲንግ እቶን ከ1000 ዓመት በፊት ገደማ የተሠራች መሆንዋ ታወቀ፤ በ2013 በጨረታ ከ2.2 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ ተሸጠች። ሳሕኒቱ በእነዚያ ዓመታት ከንጣትዋ የጨመረችው፥ ከመልኳም የለወጠችው ምንም የለም፤ የተለወጠው የሰው ዓይን ነው። እንግዲህ ሰብሳቢው ራሱን ይመርምር። ዋጋው 3 ዶላር ብቻ ቢሆን ይወደው ነበርን? ባልንጀራው ባያይለትስ ያኖረው ነበርን? አዎን ቢል የሚወደው ዕቃውን ነው፤ አይደለም ቢል ግን የሚወደው የራሱን ክብር ነው።

ይህን ስንል መልካም ሰብሳቢ የለም ማለታችን አይደለም። እንግሊዛዊው ሰር ፐርሲቫል ዴቪድ የቻይናን ሸክላ በሰበሰበ ጊዜ የአገሩንም ቋንቋ ተማረ፤ በ1950 ስብስቡን ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ከ2009 ጀምሮም በብሪቲሽ ሙዚየም ድኻም ሀብታምም ሳይከፍል ይመለከተዋል። ከስብስቡ ውስጥ ከቻይና ቤተ መንግሥት የወጣ ዕቃ ስላለበት፥ የፊተኛው የበሩ ጥያቄ ለእርሱም አይቀርለትም፤ ቢሆንም ያገኘውን ለብዙዎች መክፈቱ፥ ቈልፎ ብቻውን ከማየት እጅግ ይሻላል።

ከሺንግ ዕቃዎች በአንዳንዶቹ ግርጌ አንድ የቻይና ፊደል ተቀርጾአል፤ ንባቡ ይንግ ነው፥ ትርጓሜውም ሙሉ ማለት ነው። የንጉሥ ግምጃ ቤት ምልክት እንደ ሆነ ይነገራል። ነገር ግን ሙሉ ተብሎ የተጻፈበት ጽዋ የሚሞላው ሰው ሲቀዳበትና ለሌላው ሲያቀብለው ነው። የሰብሳቢም ቤት እንዲሁ ነው፤ መደርደሪያው ስለ ሞላ ብቻ ሙሉ አይባልም።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፤ ያማረ ዕቃ ለመሰብሰብ ብትወድ፥ ከመግዛትህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ከየት መጣ? ስለ ምን ወደድሁት? ከእኔ ሌላ ማን ይጠቀምበታል? ለእነዚህ ያለ ኀፍረት ሊመልስ የሚችል ሰው ይሰብስብ። የማይችል ግን እጁን ባዶ አድርጎ ወደ ቤቱ ቢመለስ ይሻለዋል።