ማን ዞር ብሎ ያየኛል?

ማጀቴ ገበያ መሃል አንድ ጎልማሳ «እኔን ደግሞ ማን ዞር ብሎ ያየኛል፤ ፊቴን የይፋት ፀሐይ ጠብሶታል» ብሎ ቢቀልድ ቶሎ አትሳቁ። «ኧረ ምን ጎደለህ!» እስኪባል እየጠበቀ ነው። ሁሉም ከሳቀማ ጉድ ፈላ! አበው «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ያሉት ይሄ ገብቷቸው ይመስለኛል።

ሶቅራጥስም በመልኩ ይቀልድ ነበር። ዜኖፎን እንደጻፈው፣ ከመልከ መልካሙ ክሪቶቡሎስ ጋር የቁንጅና ክርክር ገጥሞ፣ የፈጠጠው ዓይኔ ወደ ጎንም ያያል፣ ሰፊው አፍንጫዬ ከየአቅጣጫው ያሸታል ብሎ ተሟገተ። ዳኞቹ በሙሉ ለክሪቶቡሎስ ፈረዱ። ሶቅራጥስ ግን ምን ተዳው፣ ገንዘብህ ዳኛ ያበላሻል ብሎ መልሶ ቀለደ።

የእኛው ሰው ያን ያህል ልበ ሙሉ አይደለም። ታዲያ «ቆንጆ ነህ» ቢሉት ውሸት ነው? አይመስለኝም፤ የጠየቀው በእኛ ዘንድ ስላለው ቦታ ነውና። ብቻ ከሳቃችሁ በኋላ የምትወረውሩት ሙገሳ ወዲያው ይታወቅባችኋል።