የተሳፋሪው ተወኩል

ስዊድን ያለው የአክስቴ ልጅ ብርዱ ሲገባ በደወለ ቁጥር ጎማ መቀየሩን ሳያነሳ ስልኩን አይዘጋም። እዚያ አገር ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ ከያዘ የበረዶ ጎማ ሳይገጥሙ መንዳት ያስቀጣል፤ የጎማው ጥርስ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነም አይታለፍም። ላስቲኩ ራሱ ሌላ ነው፤ ተራው ጎማ በብርድ ሲደርቅ ያኛው ልስላሴውን አይለቅም። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ "አንተማ ምን አለብህ፣ አሶሳ ነህ" ይላል።

አዎ፣ አሶሳ ነኝ። በረዶ የምናየው ከዝናብ ጋር ሲወርድ ነው፤ እሱም መሬት ነክቶ ወዲያው ይቀልጣል። ግን ከግንቦት ማብቂያ እስከ ጥቅምት ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሰፈራ መንደሮቹ የሚገባ ሹፌር የሚያንሸራትት መንገድ ምን እንደሆነ ከስዊድናዊ አይማርም። ቀይ አፈራችን በበጋ አቧራ ነው፤ ልብስ ከማበላሸት ያለፈ ክፋት የለውም። ዝናብ ሲመታው ግን ሥሩ እንደደረቀ ላዩ ብቻ የሚርስበት ሰዓት አለ። አደገኛው እሱ ነው። ጥልቅ ጭቃ ቢያንስ ይይዝሃል፤ ትቆማለህ፣ ሰው ይገፋሃል፣ ትወጣለህ። ያ ስስ ሽፋን ግን ቅባት የፈሰሰበት ሰሌዳ ማለት ነው። መሪው ይዞራል፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ቦዩ ይሄዳል። የጎማው ጥርስ ሰፊና ጥልቅ ከሆነ ላዩን ቆርጦ ሥሩ ያለውን ደረቅ መሬት ይነክሳል፤ ጎማው ሲሽከረከርም የያዘውን ጭቃ ወደ ውጭ ይረጨዋል። ጠባብ ወይም ያለቀ ከሆነ ጭቃው በጥርሱ መሃል ይሞላና ጎማው ልሙጥ ሆኖ ያርፈዋል።

እናም ሰኔ በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። የጭቃ ጎማ ልግጠም ወይስ ባለው ልክረም? የምነዳው አባዱላ የራሴ ነው፤ የሚያዘኝ ባለንብረት የለም፤ ወጪው ከልጆቼ ጉሮሮ ነው። ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ነገሩን የሂሳብ ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩታል። እኛ ቤት ግን የዲን ጥያቄ ሆኖ ነው የኖረው፤ ምክንያቱ አባቴ ነው።

አባቴ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ተነስቶ የመጣ ሰፋሪ ነው። ያኔ አሶሳ ወለጋ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። መንደሮቹ በቁጥር ስለተሰየሙ ዛሬም አምባ ይህን ያህል እየተባሉ ነው የሚጠሩት፤ እኔም የተወለድኩት በቁጥር በሚጠራ መንደር ነው። የማያውቀው አገር፣ የማያውቀው ሙቀት፣ የማያውቀው ወባ፣ የማያውቀው የቀርከሃ ጫካ መሃል ወርዶ የተረፈ ሰው ስለ ተወኩል፣ በአላህ ስለ መመካት፣ ሲናገር አፉ ላይ የማይከብድ ቃል የለም። ሰበብ የሚባለው፣ ሰው ለመኖር የሚይዘው ነገር ሁሉ፣ በሬውም እርሻውም ዘመዱም፣ ከእጁ ወጥቶ በአላህ ብቻ የቆመበት ጊዜ ነበረው። ስለ ጎማ ሳነሳበት "ልጄ፣ የተጻፈውን ጎማ አይመልሰውም" ይለኛል። ከሱ አፍ ስሰማው እቀበለዋለሁ። ከራሴ አፍ ሲወጣ ግን ደስ አይለኝም፤ ለምን እንደሆነ ለራሴ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ሰው ሁሉ የሚጠቅሳት የግመሏ ታሪክ አለች፤ የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ ከነቢዩ ባልደረባ ከአነስ አስተላልፈዋታል። አንድ ሰው ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ለቆ ይመካ እንደሆነ ነቢዩን ጠየቀ፤ ማሰሩንም መመካቱንም ታዘዘ። ጎማ ቀያሪም ጎማ የማይቀይርም ሹፌር ይህችን ታሪክ ያውቃታል። አንድ ነገር ግን አይነሳም፤ ግመሉ የሰውየው የራሱ ነበር። ቢጠፋ የሚጎዳው እሱ ነው። እኔ የማስረው ወይም የምለቀው ግን የሰው ነፍስ ነው። የአንዲት ሽማግሌ እናት፣ ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የሚመለስ ተማሪ፣ ከገበያ ጨው ገዝታ የምትመለስ ሴት እኔ ወንበር ላይ ናቸው።

የዑመር ታሪክ ለኔ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ኸሊፋው ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ቦታ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ተማክረውም ለመመለስ ወሰኑ። ባልደረባቸው አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ የሚሸሹበትም ያው የአላህ ውሳኔ እንደሆነ መለሱላቸው፤ ግመሉን በለምለሙ ሸለቆ ያሰማራም በደረቁ ያሰማራም ሁለቱንም በአላህ ውሳኔ ነው የሚያሰማራው የሚል ምሳሌም ጨመሩ። ይህ መልስ በየኹጥባው ይነገራል። እኔን የያዘኝ ግን ከመልሱ በፊት ያለው ምክክር ነው። እንመለስ ያሉት ሽማግሌዎች ያነሱት ምክንያት ዑመር አብረዋቸው ሕዝብ መያዛቸውን ነበር፤ ሰውን ይዞ ወደ ወረርሽኝ አይገባም አሉ። የዑመር እምነት ጎድሎ አልነበረም። አብሯቸው ያለው ሰው ብዙ ነበር።

አል-ገዛሊም እዚህ ላይ ያግዙኛል። እኚህ እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉ ሊቅ ኢሕያ በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ ስለ ተወኩል በጻፉት ክፍል ሰበቦችን በሦስት ደረጃ ያዩአቸዋል። እርግጠኛ የሆኑ አሉ፤ ምግብ ቀርቦልህ እጅህን ሳትዘረጋ ወደ አፌ ይግባ ብትል ተወኩል አይባልም፣ ቂልነት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩ አሉ፤ ለበረሃ ጉዞ ስንቅ መያዝ ከነዚህ ነው። ሦስተኛዎቹ ከግምት የማያልፉ ናቸው፤ እነሱን ሙጥኝ ማለት ተወኩልን ያጎድላል። እንግዲህ የጎማ ጥርስ ከየትኛው ይመደባል? በጥር ወር፣ ከአሶሳ ባምባሲ በአስፋልት ስነዳ፣ ከሁለተኛው ነው። ሐምሌ ላይ በዚያ ቀይ ቁልቁለት ግን ከመጀመሪያው ነው እላለሁ፤ እጅን ወደ ምግቡ እንደመዘርጋት ያለ ነው። አል-ገዛሊ ሌላም ይላሉ። ለብቻው የሚኖር ሰው ለራሱ ረሃብን ችሎ በአላህ ሊመካ ይችላል፤ ቤተሰብ ያለበት ግን ይህን ትዕግስት በቤተሰቡ ላይ መጫን አይችልም። ተሳፋሪዬ ቤተሰቤ አይደለም፤ ከበሩ መዘጋት እስከ በሩ መከፈት ድረስ ግን ያው ነው።

ጎማዬን የሚያይልኝ ጎሚስታ ወጣት ነው። መኪናውን በክሪክ ካነሳ በኋላ ከኪሱ አንድ ብር ሳንቲም አውጥቶ ጥርሱ መሃል ያስገባል፤ ሳንቲሙ ግማሽ መንገድ እንኳ አይሰምጥም። አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ ያሻሽና "ወንድሜ፣ ለአስፋልቱ ገና ይጎተታል። ለአምባው ግን አልቋል" ይላል። ያለው እውነት ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። መንገዴ ግማሹ አስፋልት ግማሹ ጭቃ ነው። ጥርሰ ሰፊው የጭቃ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ መሬቱን የሚነካው ላስቲክ ትንሽ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ብዙ ርቀት ይሄዳል፤ ይጮኻል፣ ናፍጣም ይበላል። ስለዚህ አንዱን አደጋ ስሸሽ ሌላውን በጥቂቱ እገዛለሁ ማለት ነው። ሰበብ ያዝኩ ብሎ እጅን ታጥቦ መቀመጥ እንደማይቻል ያስተማረኝ ይሄ ነው፤ መጽሐፍ አይደለም።

ዋጋው ደግሞ ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ጎማም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አራቱንም ልቀይር ብል ልጆቼ መስከረም ላይ ያለ ደብተር ይገባሉ። ሁለት ገዛሁ። የት ይግጠሙ? ጎሚስታው "ፊት አድርጋቸው፣ ፊት ከፈነዳ መሪ ያሳጣሃል" አለኝ፤ አብዛኛው ሹፌርም እንደዚያ ነው የሚያምነው። እኔ ከኋላ አስገጠምኩ። አባዱላ የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው፤ ደግሞም ፊቱ ሲንሸራተት ፍጥነት ቀንሰህ ታስተካክለዋለህ፣ ኋላው ሲከዳ ግን መኪናው ይዞርና የመጨረሻው ወንበር መጀመሪያ ቦይ ይገባል። የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ዘግይቶ የመጣ ሰው ነው፤ አርጅቶ መሮጥ ያቃተው፣ ልጅ ያዘለች። ሾፌር ከፊት ነው የሚቀመጠው።

የእናቴ ወንድም ክርስቲያን ነው፤ ወሎ ላይ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። ክርክራችንን ሲሰማ ክርስቶስ በመቅደሱ ጫፍ ላይ የተፈተነበትን ያነሳል። ሰይጣን ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል አለው፤ እሱም አልወረወረም፤ ፈጣሪ አይፈተንም አለ። አጎቴ የሚወደው ነጥብ ግን ፈታኙ የመዝሙር ጥቅስ መጥቀሱ ነው፤ "ጥቅስ አፍህ ላይ መጣ ማለት እምነት ልብህ ውስጥ አለ ማለት አይደለም" ይላል። መናኸሪያ ቆሜ መኪኖቹን ስመለከት ይህን አስታውሳለሁ። አንዱ መስታወቱ ላይ ማሻአላህ ለጥፏል፣ አንዱ ቅዱስ ገብርኤልን ሰቅሏል። ወደ ታች ጎማቸውን ስታይ ሃይማኖታቸው አንድ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ግን አባቴን ሙሉ በሙሉ አልረታሁትም። አዲስ ጎማ የገጠመ ሹፌር ቀስ ብሎ ጎማውን ማመን ይጀምራል። ባለፈው ክረምት በፍርሃት በሁለተኛ ማርሽ የወረዳትን ቁልቁለት ዘንድሮ በሦስተኛ ሊወርዳት ይቃጣዋል፤ የገዛውን ደኅንነት በፍጥነት መልሶ ይሸጠዋል። በራሴ እግር ላይ ተሰምቶኛል፤ ነዳጅ መስጫው ላይ ያለው እግር ሳያማክርህ ይከብዳል። አባቴ የሚፈራው ይሄንን ከሆነ ልክ ነው። ጎማ የማይደርስበት አደጋም አለ። ከአሶሳ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ በከረመባቸው ዓመታት አልፎ የሄደ ሹፌር ሁሉ ያንን ያውቃል። የተከፈተ ቀን ሲነሱ የሚያደርጉት ዱዓ ስለ ጥርስ ጥልቀት አልነበረም። የአባቴ ቃል ትክክለኛ ቦታው እዚያ ነው፤ ሰው የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ከጨረሰ በኋላ።

መግዛት የማይችለውስ? ባለ ባጃጁ፣ የሰው ሞተር በኪራይ የሚነዳው ልጅ፣ ልሙጡን ጎማ ለመቀየር ወር ሙሉ ቢቆጥብ የማይበቃው? እሱን በእምነቱ ጉድለት መክሰስ ነውር ነው። ለሱ የቀረው ሰበብ ማቆም ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ አስፋልት ዳር መቆም፣ ፀሐይ ላዩን እስክታደርቀው አንድ ሁለት ሰዓት መጠበቅ። እሱም ዋጋ አለው፤ የቀን ገቢ ነው የሚቆመው። የሚጨንቀው ደግሞ ማቆም ራሱ የሰው ነፍስ ሲያስከፍል ነው። ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ምጥ የያዛትን ልጇን ይዛ አንዲት እናት መጣች፤ ዝናቡ አላባራም፣ የፊት ጎማዎቼ ያው አሮጌዎቹ ናቸው። ያን ጊዜ ማንኛውም መጽሐፍ አይመልስልህም። ወሰድኳቸው፤ በአንደኛ ማርሽ፣ ረዳቱ ከፊት ከፊት በእግሩ መንገዱን እየለካ። ጥሩ ጎማ ኖሮኝ ቢሆን ተወኩሌ ያንስ ነበር? አይመስለኝም። ልጅቷ ግን ቶሎ ትደርስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ፤ ረዳቴ አይወደውም። ዝናብ ባለ ቀን ወደ አምባዎቹ ከመታጠፋችን በፊት አስፋልቱ ዳር አቆምና ለሰዎቹ እነግራቸዋለሁ፤ ኋላው አዲስ ነው፣ ፊቱ አርጅቷል፣ ቁልቁለቱ ረጥቧል፣ መጠበቅ የሚፈልግ አብሬው እጠብቃለሁ፣ መውረድ የሚፈልግ ከዚህ በኋላ ያለውን ሂሳብ እመልስለታለሁ። አንዳንዱ ይወርዳል፤ ጫማውን አውልቆ በእግሩ ይቀጥላል። አንዳንዱ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ይጠለላል። ብዙዎቹ "አላህ ያውቃል፣ ንዳው" ይላሉ። እነሱ ሲሉት ያምራል፤ ሁሉን ሰምተው፣ በገዛ ነፍሳቸው ላይ ነው የሚሉት። ረዳቴ "ጋሼ፣ እንዲህ እየነገርክማ ሰዉ ሁሉ በሌላ መኪና ይሄዳል" ብሎ ያጉረመርማል፤ የሄዱም አሉ። የፊቶቹን ከመስከረም በፊት እቀይራለሁ ብያለሁ፤ ሻጩ በዱቤ አልሰጥም ብሏል፣ አባቴ ደግሞ በጉን ልሽጥልህ እያለኝ ነው።