በጭፈራ አዳራሽ የቆመ ጠባቂ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተ ሰቦች ሆይ፤ በአሜሪካ አገር በአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር፥ በእሑድም በቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ፊደልና ጸሎት የሚያስጠና አንድ ምእመን ምክር ፈልጎ ወደ እኔ መጣ። በዚያ አገር ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚማሩ፥ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 14 ዓመት ለሆነ ልጆች ብዙዎች ትምህርት ቤቶች የጭፈራ ምሽት ያዘጋጃሉ። የስፖርቱ አዳራሽ ይሸለማል፥ ሙዚቃ ይከፈታል፤ መምህራንና ወላጆችም ልጆቹን እንዲጠብቁ ይመደባሉ። ተራው የደረሰው ይህ መምህር፥ «አባቴ፥ ምሽቱ ዓርብ ነው፥ እኔም ጾመኛ ነኝ። በዚያ መቆሜ ከጭፈራው ጋር መተባበር አይሆንብኝምን? ብቀርስ አይሻለኝምን?» ሲል ጠየቀኝ። ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ ስሙን ሳልጠራ ነገሩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

ጥያቄው እግዚአብሔርን ከሚፈራ ሕሊና የወጣ ስለ ሆነ አላቃለልሁትም። ነገር ግን ጻድቁን ኢዮብን አሳሰብሁት። የኢዮብ ልጆች፥ ሰባቱ ወንዶች፥ በየተራ በየቤታቸው ግብዣ ያደርጉ፥ ሦስቱን እኅቶቻቸውንም ይጠሩ ነበር። አባታቸው ግብዣውን አፈረሰው የሚል ቃል በመጽሐፉ አናገኝም፤ ቸል ብሎ ተኛ የሚልም አናገኝም። ምናልባት በልባቸው በድለው ይሆናል ብሎ እየፈራ፥ ማልዶ ተነሥቶ ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር እንጂ (ኢዮብ 1፥4-5)። ስለዚህ መምህሩን፥ «ልጄ፥ ሂድ። ጾምህን ጠብቅ፥ ዓይንህንም ክፈት፤ ሌሊቱ ሲነጋ ደግሞ በዚያ ስላየሃቸው ልጆች ሁሉ ጸልይ። ጠባቂ ከበጎቹ መካከል ቢቆም በግ አይሆንም፤ ጥሎ ቢሄድ ግን ጠባቂ አይባልም» አልሁት።

ይህን ስል ጭፈራ ሁሉ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ዜማንና የሰውነትን እንቅስቃሴ የምትንቅ አይደለችም። ከ6ኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ የዜማ ሀብት አላት፤ ሊቃውንቷም በማኅሌት ከበሮ እየመቱ፥ ጸናጽል እያንሿሹ፥ በመቋሚያ እየተመሩ ያሸበሽባሉ። ንጉሥ ዳዊትም በታቦቱ ፊት በሙሉ ኀይሉ ዘሏል (2ኛ ሳሙ 6፥14)። በሄሮድስ የልደት በዓል ግን የሄሮድያዳ ልጅ ዘፈነች፥ ፍጻሜውም የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ አንገት መቆረጥ ሆነ። በዳዊት ዘንድ ደስታው ለእግዚአብሔር ነበር፤ በሄሮድስ ዘንድ ግን ለተመልካቾች ዓይን ነበር።

ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ብላቴናይቱ ከጭፈራው በኋላ ወደ እናቷ ወጥታ፥ ምን ልለምን? ብላ ጠየቀች (ማር 6፥24)። ልጅ ምክር ፈልጋ ወደ ታላቅ ሰው መጣች፤ ታላቋ ግን የደም ምክር ሰጠቻት። በዚያ አዳራሽ መኳንንት፥ ሹማምንትና የጦር አለቆች ተቀምጠው ነበር፤ ብላቴናይቱን የሚጠብቅ ግን አንድ ስንኳ አልተገኘም።

ወደ መምህሩ ነገር እንመለስ። በዚያች ምሽት ከግድግዳው አጠገብ ቆሞ ሲጠብቅ ከልጆቹ መካከል እሑድ እሑድ የሚያስተምራትን የ13 ዓመት ልጅ አየ። እርሷም አየችው፥ ፊቷም ተለወጠ። ጥቂት ቆይታ ቀረበችና፥ «ጋሼ፥ አባቴ ጓደኛዬ ቤት ማጥናት እንደ ሄድሁ ነው የሚያውቀው፤ ምን ላድርግ?» አለችው። እነሆ፥ ያች የጥንት ጥያቄ እንደ ገና ተጠየቀች።

መምህሩ ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩት። አንደኛው እንደ ካም ነውርን አይቶ ለሌላው ማውራት ነው (ዘፍ 9፥22)። ሁለተኛው እንደ ካህኑ ዔሊ ጥፋትን እያወቁ ሳይከለክሉ መተው ነው (1ኛ ሳሙ 3፥13)። እርሱ ግን ጌታችን ወንድምህ ቢበድል አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ብሎ ያስተማረውን ሥርዓት ያዘ (ማቴ 18፥15)። ወደ ደጁ አቅራቢያ ወስዶ፥ «ልጄ፥ እኔ አላጋልጥሽም፤ ውሸትሽንም አልሸፍንልሽም። አሁን ለአባትሽ ደውለሽ እውነቱን ራስሽ ንገሪው። ከፈራሽ አጠገብሽ እቆማለሁ» አላት። እያለቀሰች ደወለች።

አባትየው ተቆጥቶ መጣ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ባላት ጊዜም፥ «አባዬ፥ ሳትሰማኝ ትቆጣኛለህ ብዬ ነው» አለችው። ከዚህ ቃል በኋላ አባትየው ለብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም መምህሩን እጅ ነሥቶ ልጁን ይዞ ሄደ። መምህሩ ይህን ሲነግረኝ፥ «ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ማንን ትጠይቅ ነበር?» አለኝ። እኔም የምመልሰው አጣሁ።

ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁን ወደዚህ ዓይነቱ ስፍራ መላክ ወይም መከልከል የእናንተ ፋንታ ነው፤ የምትከለክሉ ብትሆኑ ግን ምክንያቱን በፍቅር አስረዱአቸው፤ ቍጣ ብቻውን ውሸትን ያስተምራልና። ሐዋርያው ጳውሎስም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ አስጠንቅቋል (ኤፌ 6፥4)። መምህራን ሆይ፤ በምትቆሙበት ስፍራ ሁሉ ልጅ ደፍሮ የሚጠይቃችሁ ሰዎች ሁኑ። እኛም ካህናት፥ ከመቅደሱ ደጅ ውጭ ያለውን ሁሉ በአንድ ቃል ኰንነን ከማለፋችን በፊት፥ በዚያ ስላሉት ልጆቻችን ማልደን ተነሥተን እንደ ኢዮብ በየስማቸው እንጸልይ።

በጎቹን ሳይተው የሚጠብቅ ቸር እረኛ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ልጆቻችንን በቤትም በደጅም ይጠብቅልን። ለዘለዓለሙ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።