የአማቴ ስለት

ስለት ተስዬ አላውቅም። እምነት ማነስ ይሁን የሥራ ጠባይ ለይቼ መናገር ይቸግረኛል። የምሠራው ባንክ ውስጥ፣ ብድር ክፍል ነው። «ሥራዬ ይቅናልኝ እንጂ እከፍላለሁ» የሚል ሰው በየቀኑ ፊቴ ይቀመጣል፤ ማስያዣ ከሌለው በትሕትና እሸኘዋለሁ። «ልጄን አድንልኝና ጃንጥላ አገባለሁ» ሲባል ስሰማም ያው የብድር ማመልከቻ ይመስለኛል።

አማቴ የተሳሉት ግን ጃንጥላ አልነበረም። ልጄ በሐምሌ መጨረሻ፣ በሰባት ወሯ፣ 1,100 ግራም ሆና ስትወለድ፣ እሳቸው ከሆስፒታሉ ግቢ ሳይወጡ «የቁልቢው ገብርኤል፣ ይቺን ልጅ አትርፍልኝና ክርስትናዋን ታኅሣሥ 19 ደጅህ አስነሳለሁ» ብለው ተሳሉ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ማደንዘዣው እንኳ ገና አልለቀቀኝም ነበር።

የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባ ሰው መጀመሪያ የሚለምደው ቁጥር ነው። ጠዋት ጠዋት የልጅቷ ክብደት በግራም፤ እግሯ ላይ የታሰረው መሣሪያ የሚያሳየው ኦክስጅን፤ በየሦስት ሰዓቱ በአፍንጫዋ ቱቦ የሚገባው ወተት። ወተቱን በእጄ አልቤ ለሲስተሯ እሰጣለሁ፤ በሲሪንጅ ስባ «ሁለት ሲሲ» ትላለች። የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ሌሊት ከእናቶች ማረፊያ እየተቀሰቀስን፣ ነጠላችንን ተከናንበን እንሰለፋለን። ባሎቻችን የመድኃኒት ወረቀት ይዘው በዝናብ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራሉ። ደህና በሆነች ቀን ልጅቷን ከማሞቂያ አውጥተው ደረቴ ላይ ያስሩልኛል፤ ካንጋሮ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1978 የቦጎታ ሐኪሞች ማሞቂያ ቢያጥራቸው የጀመሩት ነው አሉኝ። ማጣት የወለደው ብልሃት እኛ ዘንድ ለመድረስ መንገዱ አልጠፋውም።

ስለ ነገ የሚያወራ ግን የለም። ሐኪሙ «ለዛሬ ደህና ናት» ይላል። ገፋ አድርገሽ ብትጠይቂው መልሱ «እንያት» ነው።

በጳጉሜን ደሟ ውስጥ ኢንፌክሽን ገባ። ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር፤ ቆዳዋ አመድ መሰለ። አንቲባዮቲኩ ተቀየረ፣ ተጨመረ። የባሌ ወንድም የንስሐ አባታችንን ይዟቸው መጣ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ የሚለው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። «ለሞት የምታሰጋ ከሆነ ግን ቀን አይቆጠርም» አሉ አባ። «አሁኑኑ ትጠመቅ።»

አማቴ ተነሱ። «አይሆንም! ጥምቀት አንዲት ናት። ዛሬ ካጠመቃችኋት ቁልቢ ወስጄ ምኗን ላስነሳ ነው? ስለቴን ልታፈርሱብኝ?»

የሰማ ሰው ጭካኔ ይለው ይሆናል። እኔ ግን ሙግታቸው ገብቶኝ ነበር። አባ ሞት ሊመጣ ይችላል ብለው ለነፍሷ ሊሰናዱላት መጡ። አማቴ ደግሞ ታኅሣሥን ታያለች ብለው ቀን ቀጥረውላታል፤ ለሳምንት እንኳ በማንገምታት ልጅ የአምስት ወር ቀጠሮ የያዙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዛሬ ትጠመቅ ማለት ለእሳቸው ያን ቀን መሰረዝ ነው። አንዱ እምነት ከሌላው እምነት ጋር ኮሪደር ላይ ተፋጠጠ፤ እኔ መሐል ላይ የወተት ሲሪንጅ ይዤ ቆሜያለሁ።

ባሌ ሌሊቱን ሕግ ሲፈልግ አደረ። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 30 ስለ ስለት ይናገራል፦ ሴት ልጅ ስትሳል አባቷ፣ ሚስት ስትሳል ባሏ በሰማበት ቀን ሊያፈርሰው ይችላል፤ ሰምቶ ዝም ካለ ግን ስለቱ ይጸናል። ባሌ አገላብጦ አገላብጦ «ለእናት የሚሆን አንቀጽ የለውም» አለኝ። በዚያ ሳምንት የሳቅነው በዚህ ብቻ ነው።

ጠዋት አባ «ስለት ምሥጢረ ጥምቀትን አያግድም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። አማቴም «አባቴ፣ እርስዎ ሕጉን ያውቃሉ፤ እኔ ገብርኤልን አውቀዋለሁ» አሉ።

የወሰንኩት እኔ ነኝ። የሚሳል ሰው የራሱን ይሳል፤ የሌላ ሰው ጥምቀት ማስያዣ አይሆንም። ዮፍታሔ ከቤቱ በር ቀድሞ የሚወጣውን ብሎ ተሳለ፤ የወጣችው ልጁ ሆነች፤ ዋጋውን የከፈለችውም እሷ ናት። ይህን ለአማቴ አልነገርኳቸውም፤ በዚያ ሰዓት የሚነገር አልነበረም። አባ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ የሆስፒታሉን ጋውን ከቀሚሳቸው ላይ ደርበው ገቡ። ጴንጤዋ ሲስተር ውሃውን ለብ አድርጋ አመጣችላቸው፤ ብዙ እንዳያፈሱም በዓይኗ ተቆጣጠረቻቸው። የክርስትና ስሟ ወለተ ገብርኤል ሆነ። ስሙን የመረጥኩት ለአማቴ ብዬ ነው።

ከጎኔ የነበረችው እናት ከሰላሌ በሪፈር የመጣች ናት። ለእመቤታችን ጃንጥላ ተስላ ነበር። ልጇ በመስከረም ሞተ። እህቷ ልትወስዳት መጥታ ፌስታሏን ስትሸክፍላት «በመርካቶ በኩል እንለፍ፤ ጃንጥላውን ልግዛ» አለቻት። እህቷ ደነገጠች፦ «ልጁ ሞቶ የምን ስለት ነው?»

«እመቤቴ ምን አጠፋች? እሷም ልጇ ሞቶባታል» አለች።

ይህ በእኔ ሙያ አይተረጎምም። «ብታድንልኝ» ብሎ የገባ ሰው፣ ሳይድንለት ሲቀር ዕዳ የለበትም። ከከሚሴ የመጣች ሌላ እናትም ሰምታ ኖሮ፣ ነዝር፣ ማለት ስለት፣ የአላህን ውሳኔ እንደማይመልስ፣ ከንፉግ ሰው ገንዘብ ማስወጫ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ የሚናገር ሐዲስ መኖሩን አጫወተችኝ። «የገባው ሰው ግን መፈጸም ግዴታው ነው» ብላ ጨመረች። እሷም ገብታለች፤ በግ።

ስለ ታኅሣሥ 19 ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዕለቱ ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከባቢሎን እሳት ያወጣበት መታሰቢያ ነው። ልጆቹ ለናቡከደነፆር የመለሱለት በዳንኤል ምዕራፍ 3 ተጽፏል። ስብከት ላይ አዘውትረን የምንሰማው መጀመሪያውን ነው፤ አምላካችን ሊያድነን ይችላል ያሉትን። ቀጥለው ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም ማለታቸውን ችኩል ሰባኪ ያልፈዋል። አገር ምድሩ ስለት ይዞ የሚተምበት በዓል የቆመው እንግዲህ ባያድነንም ባሉ ልጆች ላይ ነው። የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኮንንም በ1898 ዓ.ም. ታመው ያረፉት እዚያው ቁልቢ ነው። ደጁን ያሠሩት ሰው በደጁ ሞቱ፤ ሕዝቡ ግን መሄዱን አልተወም።

የሰላሌዋ እናት ያችን የምትታለፍ ቃል አላለፈቻትም። ልጇ ድኖ ቢሆን ጃንጥላው ክፍያ ነው ልል እችል ነበር። አሁን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ስጦታ ነው ይባል ይሆናል፣ ወይም ኀዘንተኛ ሴት ለሌላ ኀዘንተኛ ሴት ያደረሰችው ልቅሶ። ስለቷን ማመልከቻ ነው ብዬ ማኅተም ልመታበት ግን አልችልም። የእኔ ልጅ ብትሞት ኖሮ ምን ይዤ፣ ወደ ማን እሄድ ነበር? ያልተሳለን ሰው የሚጠይቀው የለም፤ ይህ ግን እንደ ነፃነት ሆኖ አይሰማኝም።

ልጄ ዳነች። «ገብርኤል አዳናት» ይላሉ አማቴ። «የዚያችንስ ልጅ ምነው?» ብላቸው «እሱን እሱ ያውቃል» ይሉኛል። መልሱ አያጠግበኝም። ከሐኪሞቹም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ መድኃኒቱ ያው፣ ሲስተሯ ያቺው፣ ሌሊቱም አንድ ነበር።

የመጀመሪያውን ታኅሣሥ፣ ብርዱንና ሕዝቡን ፈርቶ ሐኪሙ ከለከለን፤ በዓመቱ ቁልቢ ሄድን። አማቴ ልጅቷን አዝለው፣ ጃንጥላ አስይዘውኝ፣ በግፊያው መሐል ደጁ ደረሱ። ጃንጥላውን ካስረከቡ በኋላ «ተከፈለ እንግዲህ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ይሄ ለመሳለሚያ ነው» አሉ። «የተሳልኩት ክርስትና ነው፤ አልከፈልኩም። ቀጣዩን ውለጂና እሱን እዚህ እናስነሳዋለን። ገብርኤል ይስማኝ!»

ባሌ አጠገባችን ቆሞ ነበር። በል ዛሬውኑ አፍርሰው ብዬ በዓይኔ ብጠቅሰው፣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።