መጠበቅ እስከ መቼ?



ጥቅል ጎመንና ካሮት በጨው ውሃ የሚያብላላ ሰው ያውቀዋል፤ ቶሎ ከከፈቱት ጥሬ ነው፣ ከረሱት ይላሽቃል። አጋሮ ይህን በቡና ያውቁታል። የተፈለፈለው እሸት ቡና ልጋጉ እስኪለቅ ገንዳ ውስጥ ያድራል። ሠራተኛው በእጁ እያሸ ይፈትሸዋል፤ ሻካራ ሲሆን ይታጠባል። ካለፈበት ይሸታል፤ ያ ሽታ ተቆልቶም አይለቅም።

ኢብኑ ዐባስ እንዳስተላለፉት፣ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ዘቢብ የተዘፈዘፈበትን ውሃ እስከ ሦስተኛው ቀን ምሽት ይጠጡ ነበር፤ ከዚያ የተረፈው ለሌላ ይሰጣል ወይም ይደፋል።

ያስቀየማችሁትን ሰው ይቅርታ ሳትጠይቁ ስንት ጁምዓ አለፈ? «ንዴቱ ይብረድለት» ብሎ መቆየት መጀመሪያ ላይ ሰብር ነበር። እኔም እንደዚያ እያልኩ ወራት አሳልፌያለሁ። ዛሬ እጃችሁን ከታችሁ ዳስሱት፦ አሁንም ሰብር ነው ወይስ ፍርሃት?